ስሙን ለመንደር ያወረሰ ባላባት
የቤክ-ኤልዌን መንደር አመሠራረትና የመካከለኛው ዘመን ጌቶቿ

በሰሜን ፈረንሳይ በኖርማንዲ ምድር፣ ከሩዋን ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ አንድ ትንሽ ጅረት ወደ ሪል ወንዝ በሚወርድበት ለምለም ሸለቆ ውስጥ ቤክ-ኤልዌን የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ከጥቂት መቶዎች አይበልጡም። ነገር ግን ከዚህች መንደር ገዳም የወጡ ሦስት መነኮሳት፣ ላንፍራንክ በ1070፣ አንሰልም በ1093፣ ቴዎባልድም በ1139 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ መንበር ላይ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ተቀምጠዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ውድ አንባብያን፣ ስለ አንድ ጥንታዊ መንደር ስናጠና ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው “ማን ገዛው? ማንስ ወረሰው?” የሚለውን ነው። የቤክ-ኤልዌን ታሪክ ግን ከዚህ ጠለቅ ያለ ጥያቄ ያነሣል። በዚያ ሸለቆና በአካባቢው ብዙ መሣፍንትና ባላባቶች ተፈራርቀዋል፤ ግንብ ሠርተዋል፣ ጦር አዝምተዋል፣ ግብር አስገብረዋል። መንደሪቱ ግን እስከ ዛሬ የምትጠራው በአንዱ ስም ብቻ ነው፤ እርሱም ጌትነቱን በገዛ ፈቃዱ የተወው ነው። ይህ ለምን ሆነ? ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ታሪኩን ከሥሩ እንመልከት።

1. የኖርማንዲ አመጣጥና የመንደሪቱ ስም

ኖርማንዲ ማለት “የሰሜን ሰዎች አገር” ማለት ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት ከስካንዲናቪያ የተነሡ ቫይኪንጎች በመርከቦቻቸው የሴንን ወንዝ ሽቅብ እየቀዘፉ ከተሞችንና ገዳማትን ይዘርፉና ያቃጥሉ ነበር። በ911 ዓ.ም. የምዕራብ ፍራንኮች ንጉሥ ሣልሳዊ ቻርልስ ከመሪያቸው ከሮሎ ጋር ሴን-ክሌር-ሱር-ኤፕት በተባለ ስፍራ ስምምነት አደረገ። ንጉሡ በታችኛው የሴን ሸለቆ ያለውን ምድር ለሮሎ ሰጠው፤ ሮሎም በበኩሉ ክርስትናን ሊቀበልና ምድሪቱን ከሌሎች ወራሪዎች ሊጠብቅ ቃል ገባ። የኖርማንዲ መስፍንነት መነሻ ይህ ነው።

የሰፋሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ብዙም ሳይቆዩ የአባቶቻቸውን ቋንቋ ትተው የአገሬውን ቋንቋ ተናገሩ፤ ቤተ ክርስቲያንን አቃጥለው የነበሩት ቤተ ክርስቲያንን ማነጽ ጀመሩ። የቀድሞው ቋንቋቸው ግን በቦታ ስሞች ውስጥ ተጠብቆ ቀርቷል። “ቤክ” በሰሜን ሰዎች ቋንቋ ጅረት ማለት ነው፤ በኖርማንዲ ቦልቤክና ኮድቤክ የሚባሉት ከተሞች ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። “ቶ” ብለው የሚጨርሱ ስሞች፣ ለምሳሌ ኢቭቶ፣ ከቤትና ከቤት ቦታ ጋር የተያያዙ ናቸው። “ቪል” ብለው የሚጨርሱት ደግሞ “ቪላ” ከሚለው የላቲን ቃል ወጥተው የእርሻ ርስትን ያመለክታሉ፤ ከፊታቸውም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ባለ ርስት ስም ይቀድማል። እንግዲህ በኖርማንዲ የአንድን መንደር ስም ማንበብ ማለት የመጀመሪያ ጌታውን ስም ማንበብ ማለት ነው። “ቤክ-ኤልዌን” ሲባልም “የሄርሉዊን ጅረት” ማለት ነው፤ ኤልዌን “ሄርሉዊን” የሚለው ስም የፈረንሳይኛ አጠራር ነውና።

2. ጌትነት በዚያ ዘመን ምን ነበር?

በ11ኛው መቶ ዓመት በኖርማንዲ ሥልጣን የሚመነጨው ከመሬት ነበር። ከላይ መስፍኑ አለ፤ ከመስፍኑ በታች ኮንት የሚባሉ ታላላቅ መኳንንት አሉ፤ ከእነርሱም በታች በፈረስ የሚዋጉ ባላባቶች አሉ። ባላባቱ ከጌታው መሬት ሲቀበል ተንበርክኮ እጆቹን በጌታው እጆች መካከል ያኖርና ታማኝነቱን በመሐላ ያጸና ነበር። በዚህ አኳኋን የሚሰጠውን መሬት በአማርኛ በቅርብ የሚገልጸው “ጉልት” የሚለው ቃል ነው፤ የሁለቱ አገሮች ሥርዐት ግን በሁሉ ነገር አንድ አይደለም። ባላባቱ ለተቀበለው መሬት የሚከፍለው ዕዳ በጦርነት ጊዜ ጋሻና ጦሩን ይዞ ከጌታው ጋር መሰለፍ፣ በሰላም ጊዜም በችሎቱ ላይ ተገኝቶ ምክር መስጠት ነበር።

ይህን ሁሉ በጫንቃው የሚሸከመው ገበሬው ነበር። ገበሬው ለጌታው ያርሳል፣ ከምርቱ ይገብራል፤ በብዙ ስፍራም እህሉን በጌታው ወፍጮ አስፈጭቶ፣ ዳቦውንም በጌታው ምድጃ ጋግሮ ስለ ሁለቱም ይከፍላል። ሁለት ጌቶች ሲጣሉ የሚቃጠለው የገበሬው ጎጆ፣ የሚነዳው የገበሬው ከብት ነው። የሄርሉዊን ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ሥርዐት ውስጥ፣ ከላይኞቹ ወገን ሆኖ ሳለ ነው።

3. ባላባቱ ሄርሉዊን

ሄርሉዊን በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ተወለደ። አባቱ አንስጎ ከዴንማርክ ሰፋሪዎች ዘር ነበር፤ እናቱ ኤሎይዝ ደግሞ ከፍላንደርስ መኳንንት ጋር ዝምድና ነበራት። ታሪኩን የጻፈልን ዢልቤር ክሪስፓን የተባለ መነኩሴ ነው፤ እርሱም በቤክ ገዳም ያደገና በኋላ በለንደን የዌስትሚንስተር ገዳም አበምኔት የሆነ ሰው ነው። በዚህ መጽሐፍ መሠረት ሄርሉዊን በብሪዮን ኮንት በዢልቤር ቤት ያደገ፣ በጦር ሙያው የታወቀ፣ በጌታውም ዘንድ ከሌሎች ይልቅ የተወደደ ባላባት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ኮንቱ የፖንትዮን ኮንት ለመውጋት ዘመተ፤ ሠራዊቱም ድል ተነሣ። ሄርሉዊን በጭንቅ ውስጥ ሳለ ከዚህ ሞት ከዳነ ከእንግዲህ እግዚአብሔርን ብቻ እንደሚያገለግል ተሳለ። ከጦርነቱ በሕይወት ተመለሰ፤ ስእለቱን መፈጸም ግን ቀላል አልሆነለትም። ያለ ጌታው ፈቃድ ከሎሌነት መውጣት አይቻልም ነበርና ለብዙ ጊዜ ገላው በአዳራሽ ውስጥ፣ ልቡ ግን በጸሎት ውስጥ ሆኖ ኖረ። ባልንጀሮቹ በጌጠኛ ፈረስ ሲመጡ እርሱ በአህያ ተቀምጦ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ በተራ ልብስ ይመጣ ስለ ነበር ይሳለቁበት ጀመር።

ነገሩን የለየው ግን አንድ የፍትሕ ጉዳይ ነው። ኮንቱ አንድን ሰው ለማጥፋት አስቦ ክሱን ወደ መስፍኑ እንዲያደርስለት ሄርሉዊንን አዘዘው። ሄርሉዊን መልእክቱ በሰው ላይ ጥፋት እንደሚያመጣ ባወቀ ጊዜ አልሄድም አለ። ኮንቱም ተቆጥቶ የሄርሉዊንን ንብረት ሁሉ ወረሰ፤ የገባሮቹንም ጭምር ወሰደ። ሄርሉዊን ስለ ራሱ ንብረት አንዳች አልተናገረም። ያለ በደላቸው የተዘረፉት ድኆች ወደ እርሱ እየመጡ ባለቀሱ ጊዜ ግን ወደ ኮንቱ ፊት ቀርቦ፣ የእኔን እንደ ወደድህ አድርግ፣ የድኆቹን ግን መልስላቸው ሲል ለመነ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የዚያ ዘመን ባላባት ክብሩ በመታዘዙ ነበር፤ ለጌታው እንቢ ያለ ሁሉ መሐላውን እንዳፈረሰ ይቆጠር ነበር። ሄርሉዊን ግን ከመሐላ በላይ የሆነ ሕግ እንዳለ ተገነዘበ፤ ይኸውም ታማኝነት ለክፋት መሣሪያ ለመሆን ግዴታ አያስገባም የሚል ነው። ደግሞም ጌትነት መብት ብቻ ሳይሆን አደራ መሆኑን አሳየ። ለራሱ ዝም ያለው ሰው ለገባሮቹ ተናገረ። ኮንቱም በነገሩ ተነክቶ የተወሰደውን መለሰ፣ ሄርሉዊንንም ወደሚፈልገው ሕይወት እንዲሄድ ፈቀደለት።

4. ከአዳራሽ ወደ ምድጃ

ሄርሉዊን በዚያን ጊዜ ወደ አርባ ዓመት የተጠጋ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። በ1034 ዓ.ም. በራሱ ርስት በቦንቪል፣ ዛሬ ቦንቪል-አፕቶ በምትባለው ስፍራ፣ ቤተ ክርስቲያን ማነጽ ጀመረ። ቀን አፈር እየቆፈረ፣ ድንጋይ እየተሸከመ ይሠራል፤ ሥራው እንዳይስተጓጎል ፊደል የሚማረው ሌሊት ነበር። የምንኩስና ሥርዐትን ለመማር ሌሎች ገዳማትን ሲጎበኝ በአንዱ በር ጠባቂው ሌባ መስሎት መትቶ አባረረው፤ እርሱም በትዕግሥት ተቀበለ። በሌላው ደግሞ በልደት ሌሊት መነኮሳቱ ሥርዐት ሲያጓድሉ አይቶ እጅግ አዘነ፤ ነገር ግን ሁሉ ከሄዱ በኋላ አንድ መነኩሴ ብቻውን በስውር እያለቀሰ ሲጸልይ ባየ ጊዜ ልቡ ተጽናና። አንድ ሰው በስውር የጸለየው ጸሎት የአንድን ገዳም መመሥረት እንዳጸና ልብ ይሏል።

ልብሰ ምንኩስናን ያለበሰው የሊዝዬ ጳጳስ ሄርበርት ነው። ሊዝዬ ከብዙ ዘመን በኋላ ቅድስት ትሬዛ የኖረችባት ከተማ መሆኗን ምእመናን ያውቃሉ። የአዲሱ ማኅበር ኑሮ ከድኻ ገበሬ ኑሮ የተለየ አልነበረም። አበምኔቱ ራሱ ዘር በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ መቆፈሪያ በእጁ ይዞ መነኮሳቱን ወደ እርሻ ይመራ ነበር። ምግባቸው ዳቦ፣ በጨውና በውኃ የተቀቀለ አትክልት ነበር። እናቱ ኤሎይዝም ርስቷን ትታ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ የመኳንንት ዘር የሆነችው ያቺ ሴት የመነኮሳቱን ልብስ ታጥብ ነበር።

በቦንቪል ውኃ በቅርብ ስላልነበረ ማኅበሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ጅረቱ ሸለቆ ወረደ። የመንደሪቱ ታሪክ በእርግጥ የሚጀምረው በዚህ ነው። መነኮሳቱ ጫካውን መነጠሩ፣ ረግረጉን አጠነፈፉ፤ በገዳሙ ዙሪያም ሰዎች ሰፈሩ።

ወደ 1042 ዓ.ም. ገደማ ላንፍራንክ የተባለ ከጣሊያን አገር ከፓቪያ የመጣ ታላቅ የሕግና የቋንቋ ሊቅ፣ በትምህርቱ ያገኘውን ዝና ትቶ፣ ድኻ ገዳም ፈልጎ ወደዚያ መጣ። በደረሰም ጊዜ አበምኔቱን ያገኘው በገዛ እጁ የዳቦ ምድጃ ሲሠራ ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው ምድጃ የጌታው መብትና የግብሩ መሣሪያ ነበር። እዚህ ግን የቀድሞው ጌታ ራሱ በጭቃ ተለውሶ ለወንድሞቹ ምድጃ ሠራ። ሊቁ በዚያ ባላባት እግር ሥር መነኮሰ፤ ባላባቱም በፊደል የሚበልጠውን ሊቅ በአክብሮት ያዳምጥ ነበር። የሁለቱ ትሕትና ተገናኝቶ የቤክን ትምህርት ቤት ወለደ። ትምህርት ቤቱም ዝናው በምዕራብ አውሮፓ ሁሉ ተሰማ፤ የመኳንንት ልጆችና ካህናት ከሩቅ አገር ሳይቀር ይመጡ ነበር።

5. ቅዱስ አንሰልም በቤክ

በ1059 ዓ.ም. ደግሞ ከአልፕስ ተራሮች ሥር ከአዎስታ የተነሣ አንሰልም የሚባል ወጣት የላንፍራንክን ትምህርት ፍለጋ መጣ፤ በማግስቱ ዓመት መነኮሰ። ላንፍራንክ በ1063 ዓ.ም. ወደ ካን ከተማ ለአበምኔትነት ሲሄድ አንሰልም በእርሱ ቦታ የአበምኔቱ ምክትል ሆነ። በቤክ ሳለ የጻፈው “ፕሮስሎጊዮን” የተባለው መጽሐፍ መጀመሪያ የሰጠው ርእስ “ማስተዋልን የምትሻ እምነት” የሚል ነበር። ይህ ርእስ የሥራው ሁሉ ማጠቃለያ ሊሆን ይችላል። አማኝ ያመነውን በአእምሮው ሊመረምር መትጋቱ የእምነት ጉድለት ሳይሆን የፍቅር ምልክት መሆኑን አስተምሮናልና። በ1720 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን የቤተ ክርስቲያን መምህር የሚለውን ማዕረግ ሰጠችው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተለይ የሚጠቅም አንድ ታሪክ ከሕይወቱ ተጽፎልናል። አንድ አበምኔት ወደ እርሱ መጥቶ፣ በገዳሙ የሚያድጉትን ልጆች ሌት ተቀን ቢገርፏቸውም እየባሱ እንደ ሄዱ አማረረ። አንሰልምም በምሳሌ መለሰለት፤ በአትክልት ቦታ የተተከለን ችግኝ ቅርንጫፎቹ እንዳይዘረጉ ከየአቅጣጫው አጥረህ ከዓመታት በኋላ ብትፈታው ከተጣመመና ከማይረባ ዛፍ በቀር ምን ታገኛለህ? ልጆቹም እንዲሁ ናቸው፤ ፍርሃት ብቻ አጥሮ ያሳደጋቸው ፍቅርን ስላላዩ በሁሉ ላይ ክፉ ያስባሉ አለው። አበምኔቱም ስሕተቱን ተረዳ። ሄርሉዊን በገባሮቹ ላይ ያልፈቀደውን ጭካኔ አንሰልም በልጆቹ ላይ አልፈቀደም፤ የመሥራቹ መንፈስ በተከታዩ ዘንድ ሲሠራ የምናየው በዚህ ነው።

ሄርሉዊን በ1077 ዓ.ም. የመጨረሻውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ በዐይኑ አየ። የባረከውም የቀድሞው መነኩሴው፣ ያን ጊዜ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ላንፍራንክ ነው። በማግስቱ ዓመት ነሐሴ 26 ቀን 1078 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር አረፈ፤ አንሰልምም በእርሱ ቦታ አበምኔት ሆነ።

6. የሌሎቹ ጌቶች ፍጻሜ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። የሄርሉዊን ጌታ የነበረው ኮንት ዢልቤር ከሕፃኑ መስፍን ከጊዮም ሞግዚቶች አንዱ ሆኖ ሳለ በ1040 ዓ.ም. ገደማ በሴራ ተገደለ፤ ልጆቹም ወደ ፍላንደርስ ሸሹ። የብሪዮን ግንብ ለቡርጎኙ ጊ ተሰጠ፤ እርሱም በመስፍኑ ላይ ዐምፆ በ1047 ዓ.ም. በቫል-ኤ-ዱን ጦርነት ተሸነፈ፣ በብሪዮን ተከብቦም ቆይቶ ግንቡን አጣ። የዢልቤር ልጅ ሪሻር ከ1066 ዓ.ም. የእንግሊዝ ዘመቻ በኋላ በእንግሊዝ ሰፊ ርስት አግኝቶ የክሌር ቤተ ሰብ አባት ሆነ፤ የአባቱ ብሪዮን ግን ለሌሎች ቀረ።

ወደ 1090 ዓ.ም. ገደማ ብሪዮንን የያዘው የሜላን ኮንት ሮቤር የቤክ ገዳም በእኔ ጌትነት ሥር ይግባ ብሎ ጠየቀ። አንሰልምና መነኮሳቱ አልተቀበሉትም፤ ሙከራውም ከሸፈ። ድኆቹን ከኮንት ቁጣ ያዳነ ሰው የመሠረተው ቤት ራሱን ለሌላ ኮንት አሳልፎ አልሰጠም። በ1204 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳይ ንጉሥ ፊሊጶስ አውጉስጦስ ኖርማንዲን ከእንግሊዝ ነገሥታት እጅ ወሰደ፤ የመስፍኖቹም ዘመን አበቃ። ዛሬ ከብሪዮን ከተማ በላይ በኮረብታው ላይ የሚታየው የግንቡ ፍርስራሽ ነው።

ገዳሙም ቢሆን ከመከራ አላመለጠም። በ1167 ዓ.ም. በዚያ የተቀበረችው እቴጌ ማቲልዳ ዐፅሟ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ሩዋን ካቴድራል ተዛውሯል። በ1789 ዓ.ም. የተነሣው የፈረንሳይ አብዮት መነኮሳቱን በተነ፤ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ፤ የቀሩት ሕንፃዎችም የጦር ሠራዊት ፈረሶች ማደሪያ ሆኑ። ባላባቱ ከፈረስ ወርዶ የመሠረተው ቤት ለፈረሶች ተሰጠ። ነገር ግን በ1948 ዓ.ም. የቅዱስ ቤነዲክቶስ መነኮሳት ተመለሱ፤ ጸሎቱም እንደ ገና ተጀመረ። ላንፍራንክና አንሰልም የካንተርበሪ ሊቃነ ጳጳሳት ስለ ነበሩ ገዳሙ ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጋር ልዩ ወዳጅነት መሥርቶ ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ይጸልያል። የሄርሉዊን መቃብርም በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛል።

7. ከዚህ ምን እንማራለን?

የብሪዮን ጌቶች ስማቸውን በድንጋይ ለማኖር ደከሙ፤ ድንጋዩ ፈረሰ። ሄርሉዊን ስሙን ለማኖር አልሠራም፤ በፊቱ የነበረውን ሥራ ብቻ ሠራ። ክፉ መልእክት አላደርስም አለ፤ ስለ ድኆች ለመነ፤ በሌሊት ፊደል ቆጠረ፤ ምድጃ ሠራ። ሕዝቡ ጅረቱን በስሙ የጠራው በዚያ ሸለቆ አብሮት ስለ ኖረና ስላወቀው ነው።

እያንዳንዳችን በመጠኑ ጌቶች ነን። አባት በልጆቹ፣ መምህር በተማሪዎቹ፣ አለቃ በሠራተኞቹ፣ የቁምስና ሽማግሌም በጉባኤው ላይ ሥልጣን አለው። ስለዚህ የሄርሉዊን ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው፤ በእጃችን ያለው ሥልጣን ለማን ይናገራል? ለራሳችን ወይስ ድምፅ ለሌላቸው?

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ሄርሉዊን የጌታውን ትእዛዝ ያልፈጸመው ለምንድን ነው? በሥራ ቦታችን ወይም በማኅበራችን ሰውን የሚጎዳ መልእክት እንድናደርስ ብንታዘዝ ምን እናደርጋለን?

ለ. ማር. 10፥42-45ን አንብቡ። ጌታችን ስለ ሥልጣን ያስተማረው በሄርሉዊን ሕይወት ውስጥ የተገለጠው በየትኞቹ ድርጊቶች ነው?

ሐ. አንሰልም ስለ ችግኙ የሰጠውን ምሳሌ ልጆችን ከምናስተምርበት መንገድ ጋር አስተያዩ። በፍርሃት የምናጥራቸው፣ በፍቅርስ የምናሳድጋቸው በምን በምን ነው?

መ. የምትኖሩበት መንደር ወይም ሰፈር ስሙን ያገኘው ከማን ወይም ከምን ነው? ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ታሪኩን ለልጆቹ ንገሯቸው።